የግድብ ውሃ ከፍታ አጠባበቅ፦ ከጊንጪ ደጋ እስከ ቆቃ በር

የአዋሽ ሸለቆ በአንድ ወቅት በድርቅ፣ በሌላ ወቅት በጎርፍ የሚጎዳ ምድር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ የአፋርን አርብቶ አደር ከብት ፈጅቷል። በ1998 እና በ2012 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ወንዙ ከመውረጃው ወጥቶ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ከሁለቱም አደጋዎች በኋላ የእርዳታ እህልና መጠለያ ማቅረብ የግድ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከአደጋው በፊት ጉዳቱን ሊያከብድ ወይም ሊያቀል የሚችል አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም በግድብ የተጠራቀመውን ውሃ ከፍታ እንደየወሩ ልክ መያዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከናወንና የምዕራብ ሸዋ ከተሞችና ገጠሮች በሥራው ውስጥ ምን ድርሻ እንዳላቸው ማስረዳት ነው።

ሀ/ የውሃው መነሻ

በአምቦና በጊንጪ መካከል ያለው ደጋ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውሃ መለያ ነው። በአምቦ በኩል የሚወርደው ሁሉቃ ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል። በጊንጪ በኩል የሚወርደው ውሃ ግን የአዋሽ መነሻ ሲሆን፣ የሆለታ ውሃም በኋላ ይቀላቀለዋል። አዋሽ የበቾን ሜዳ አቋርጦ፣ በመልካ ቁንጡሬና በሆምቦሌ አልፎ፣ ቆቃ ላይ በግድብ ይያዛል። ከዚያም በስምጥ ሸለቆው ቆላ ወርዶ፣ በጠቅላላው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለሆነም በጊንጪ ዙሪያ በሐምሌ የሚጥለው ዝናብ ከቀናት በኋላ የቆቃን ከፍታ ይለውጣል።

ለ/ ሦስት የማይስማሙ ፍላጎቶች

የቆቃ ግድብ ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ። የማመንጨት አቅሙ 43 ሜጋዋት ያህል ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከግድቡ በታች አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የተባሉ፣ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት የሚያመነጩ ጣቢያዎች ተጨመሩ። ከቆቃ የሚለቀቀው ውሃ የወንጂን፣ የመተሐራንና የአሚባራን እርሻዎችም ያጠጣል። የሸለቆውን ልማት እንዲመራ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነበር።

በዚህ አንድ ውሃ ላይ ሦስት ፍላጎቶች ይገናኛሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግድቡ ምንጊዜም ሙሉ እንዲሆን ይሻል፤ ውሃው ከፍ ካለ ቦታ በወረደ መጠን ተርባይኑን የሚያዞርበት ጉልበት ይበልጣልና። የመስኖ ገበሬው ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ደረቅ ወራት ውሃ እንዲለቀቅለት ይፈልጋል። በወንዙ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ክረምት ሲገባ ግድቡ ጎርፍ የሚይዝበት ባዶ ሥፍራ እንዲኖረው ይሻል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሦስቱን ባንድ ቀን ማርካት ግን አይቻልም።

ሐ/ ከፍታውን በወራት መደልደል

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ወር የሚፈቀደውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ከፍታ አስቀድሞ በሰንጠረዥ መወሰን ነው። በግንቦት መጨረሻ ውሃው ወደ ዝቅተኛው ልክ ይወርዳል፤ ሆኖም ወደ ተርባይን ከሚያስገባው አፍ በታች እንዲሄድ አይፈቀድም። በሐምሌና በነሐሴ ግድቡ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ የክረምቱ ኃይል እስኪቀንስ ድረስ ግን የተወሰነ ባዶ ሥፍራ ይጠበቃል። መስከረም ላይ ሙሉ ልኩን ይይዛል። ከጥቅምት በኋላ ያለውን ውሃ እስከሚቀጥለው ክረምት ከፋፍሎ ማዳረስ ያስፈልጋል። በባዶው ሥፍራ ላይ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄም ጉዳት አለው፤ ዝናቡ ቢቀር በጋው ያለ ውሃ ይገኛል። የአገሪቱ ግድቦች ውሃ በማነሱ በ2001 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ በፈረቃ ይታደል እንደነበር ይታወሳል።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ወደ አንድ ግድብ በሴኮንድ 500 ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ይገባል፣ 200 ይወጣል እንበል። በየሴኮንዱ የሚቀረው 300 ኪዩቢክ ሜትር ነው። አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ ስላለው በቀን 26 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል ይጠራቀማል። ግድቡ 260 ሚሊዮን ባዶ ሥፍራ ካለው የሚሞላው በ10 ቀን ነው። እነዚህ 10 ቀናት ለግድቡ ሠራተኛ በሮቹን ጥቂት በጥቂት የሚከፍትበት ጊዜ ናቸው። ለታችኛው ሸለቆ ቤተሰብ ደግሞ ከብቱን ነድቶ፣ ጓዙን ጭኖ ከወንዙ ዳር የሚርቅበት ጊዜ ነው። ግድቡ ከሞላ በኋላ ግን የሚገባው ሁሉ ባንድ ጊዜ መለቀቅ ስላለበት ምርጫ የለም።

መ/ የደለል ዕዳ

ከዚያው ባዶ ሥፍራ ሩቡን ደለል ቢይዘው የሚቀረው 195 ሚሊዮን ነው፤ 10ሩ ቀን ወደ 7 ቀን ተኩል ይወርዳል። ይህ ባዶ ግምት አይደለም። ቆቃ ሲሠራ 1.8 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል ይይዝ የነበረ ሲሆን፣ ከዚህ መጠን ከሩብ የሚበልጠውን ደለል ወስዶበታል። ደለሉም ከግድቡ ሥር ብቻ አይተኛም፤ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል እየተከመረ ጎርፍ የሚያዝበትንም ሥፍራ ያጠብባል።

አፈሩ የሚመጣው ከደጋው ነው። የጊንጪ አካባቢ ጥቁር ዋልካ ውሃ ይቋጥራል፤ ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ አርሶ የሚዘራው ክረምቱ ከገፋ በኋላ በመሆኑ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ መሬቱ ራቁቱን ነው። ውሃውን ለማጥፋት የሚያወጣው ቦይ ቁልቁል የተቀደደ ከሆነ አፈሩ በቦዩ ይሄዳል። ገበሬው የሚያጣው የሰብሉን እናት ነው፤ ቆቃ የሚያጣው ሥፍራውን፤ የአሚባራ ሰው ደግሞ የማስጠንቀቂያ ቀኑን።

ሠ/ የፊንጫ ትምህርት

ከአምቦ ተነስቶ በጌዶ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲኬድ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ የተሠራው የፊንጫ ግድብ ይገኛል። በዚያ ውሃው ከከፍታ ወርዶ ኃይል ካመነጨ በኋላ በሸለቆው ያለውን የሸንኮራ አገዳ እርሻ ስለሚያጠጣ፣ ሁለቱ ሥራዎች ከቆቃ ይልቅ ይስማማሉ። ሆኖም ሐይቁ የተኛው ጮመን በተባለ ለጥ ያለ ረግረግ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ሜዳ ከፍታው በጥቂቱ ሲጨምር ብዙ የግጦሽና የእርሻ መሬት ይሸፈናል። ብዙ ቤተሰቦችም መሬታቸውን ለሐይቁ ለቀው ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል። ስለዚህ የሠፈራ ቦታ ሲመረጥ ሐይቁ በታየበት ቀን የደረሰበትን ዳር መለካት አይበቃም፤ በሰንጠረዡ የተፈቀደውን ከፍተኛ ልክ መጠየቅ ያስፈልጋል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው ለም መሬት በመስከረም የሐይቁ ነው።

ረ/ በሥራ ላይ ሊታሰቡ የሚገባቸው

1ኛ/ በላይኛው ተፋሰስ የተመዘገበ የዝናብ መጠንና በሆምቦሌ የተለካ የወንዝ ከፍታ በዚያው ዕለት ለግድቡ ኃላፊዎች ይድረስ። የሳምንት መዝገብ ለጥናት እንጂ ለማስጠንቀቂያ አይሆንም።

2ኛ/ የግድብ በር ከመከፈቱ በፊት የሚለቀቀው መጠንና የሚደርስበት ቀን ለታችኞቹ ወረዳዎች ይነገር። መልእክቱም በአፋርኛና በኦሮምኛ፣ በአገር ሽማግሌዎች በኩል ጭምር ይተላለፍ።

3ኛ/ እርከንና የውሃ መቀልበሻ ቦይ የሚሠራው ከክረምት በፊት ነው። ለዚህ ሥራ የሚከፈል እህል በሐምሌ ቢደርስ ጊዜው አልፏል።

4ኛ/ የውሃ ድልድል በሚወሰንበት ስብሰባ የኃይልና የመስኖ ድርጅቶች ብቻ ሳይሆኑ የአርብቶ አደሩ ተወካዮችም ይገኙ። የወንዝ ዳር ግጦሽ ለከብቱ የበጋ መሸሻ ነውና።

እነዚህ ተግባራት በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሥር ቢሆኑም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጎርፍ ሳይመጣ የሚቀሩት ቀናት እንዳያጥሩ ነው። በጊንጪ ተዳፋት ላይ በሚያዝያ የተሠራ አንድ እርከን በነሐሴ ከቆቃ በታች ያለ አንድ መንደር ለመነሳት የሚያገኘውን ጊዜ ያረዝማል።