ጄኤስኤክስ ለሚጀምር ወጣት

ልጄ፣ ሪአክት ልማር ብለህ ስትነሳ ቀድሞ የሚያጋጥምህ ጄኤስኤክስ ነው፤ በጃቫስክሪፕት ፋይል ውስጥ የተጻፈ፣ ኤችቲኤምኤል የሚመስል ጽሑፍ። መልኩ ያታልላል። ብዙ ጀማሪ ሕጎቹን አንድ በአንድ ይሸመድድና አንዱ ሲጠፋበት ይደናገራል። ሕጎቹ ሁሉ ግን ምንጫቸው አንድ ነው፦ ጄኤስኤክስ ወደ ጃቫስክሪፕት የሚለወጥ ጽሑፍ ነው እንጂ ኤችቲኤምኤል አይደለም። የምመክርህን ሁሉ በዚህ ዐይን አንብበው።

1. ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ኤችቲኤምኤልንና ጃቫስክሪፕትን በየራሳቸው እወቅ። በተለይ ፋንክሽንን፣ ኦብጀክትን፣ አሬይንና ማፕ የሚባለውን የአሬይ ሜተድ አጥብቀህ ያዝ። እነዚህን የዘለለ ሰው ሲሳሳት ምን ብሎ እንደሚጠይቅ እንኳ ይቸግረዋል።

2. ከጀርባ ያለውን እይ። ብራውዘር ጄኤስኤክስ አያነብም። ባቤልን ወይም ታይፕስክሪፕትን የመሰለ መሣሪያ እያንዳንዱን ታግ ወደ ተራ የፋንክሽን ጥሪ ይለውጠዋል፤ ጥሪውም ስክሪኑ ላይ ምን መታየት እንዳለበት የሚገልጽ ኦብጀክት ይመልሳል። ይህን ካወቅህ ሕጎቹ አይከብዱህም። ፋንክሽን በአንድ ጊዜ ሁለት ዋጋ ስለማይመልስ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ታጎችን በአንድ ወላጅ ወይም ፍራግመንት በሚባለው ባዶ ታግ ትጠቀልላለህ። ክላስ የሚለው ቃል በጃቫስክሪፕት የተያዘ ስለሆነ ክላስኔም ትላለህ። በትንሽ ፊደል የጀመረ የኮምፖነንት (ጄኤስኤክስ የሚመልስ የራስህ ፋንክሽን) ስም ደግሞ እንደ ተራ የኤችቲኤምኤል ታግ ይቆጠርብሃል።

3. በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ የምታስገባው ዋጋ የሚሰጥ ነገር ይሁን። የፋንክሽን ጥሪ ውስጥ ኢፍ ወይም ፎር እንደማትጽፍ ሁሉ እዚህም አትጽፍም። የእድር መዝገብ እየሠራህ ነው እንበል። ያልከፈሉት ሰዎች ብዛት ላይ && ጨምረህ ማሳሰቢያ አስከተልህ። ሁሉም ሲከፍሉ ማሳሰቢያው ጠፍቶ ገጹ ላይ 0 ተጽፎ ታገኛለህ። && የግራው ዋጋ 0 ሲሆን ያንኑ 0 ይመልሳል፤ ሪአክትም ፎልስን ይተዋል እንጂ ቁጥርን ያሳያል። ስለዚህ ብዛቱ ከ0 መብለጡን በግልጽ ጠይቅ።

4. ለዝርዝር ትክክለኛ ኪይ ስጥ። በዚያው መዝገብ የአባላቱን ስም በማፕ ስትደረድር ተራ ቁጥሩን ኪይ አታድርግ። የመጀመሪያው አባል ሲሰረዝ ሁለተኛው ቁጥሩን ይወርሳል፤ ከተሰረዘው ሰው ስም አጠገብ ባለ የመጻፊያ ሳጥን ውስጥ ተጽፎ ገና ያልተቀመጠ ማስታወሻም ለሁለተኛው ሊተርፍ ይችላል። ሪአክት ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በኪይ ነውና፣ ከዳታቤዝ የመጣውን የአባሉን መለያ ተጠቀም።

5. ጥበቃውን አታፍርስ። ተንኮለኛ ሰው በስም ቦታ የስክሪፕት ታግ ቢጽፍ፣ በቅንፍ እስካስገባኸው ድረስ ታጉ እንደ ተራ ጽሑፍ ይታያል እንጂ አይሠራም። ይህን ጥበቃ የሚያልፈው ዴንጀረስሊሴትኢነርኤችቲኤምኤል የሚባለው ፕሮፕ ነው። ከሰው የመጣን ጽሑፍ ሳታጣራ በዚያ አታሳልፍ።

6. የተቺዎችን ቃል አትናቅ። ፌስቡክ ሪአክትን በ2013 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ክፍት ሲያደርግ፣ ብዙ ባለሙያዎች የገጹን መልክና ሥራውን ቀላቀለ ብለው ነቅፈውታል። ሐሳቡ ለኩባንያው አዲስ አልነበረም፤ በ2010 ኤክስኤችፒ በተባለ መሣሪያ ተመሳሳዩን ለፒኤችፒ አቅርቦ ነበር። ለትችቱ የሚሰጠው መልስም ይህ ነው፦ የአንድ በተን መልክና ሥራ የሚለወጡት አብረው ስለሆነ አብረው ይቀመጡ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሆኖም ስሌቱን፣ ማጣሪያውንና ተደራራቢ ምርጫውን ሁሉ ታጎቹ መካከል ከጠቀጠቅህ ተቺዎቹ ልክ ይሆናሉ። ስሌቱን ከሪተርን በላይ ጨርሰው፤ ታጎቹ ሲበዙም ወደ ትናንሽ ኮምፖነንቶች ክፈላቸው።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። ከጻፍካቸው ኮምፖነንቶች አንዱን ምረጥና ያለ ጄኤስኤክስ፣ ክሪኤትኤለመንት በሚባለው የሪአክት ፋንክሽን ብቻ መልሰህ ጻፈው። አሰልቺ ነው፤ ግን ሳትሠራው ወደሚቀጥለው ትምህርት አትለፍ።