የክሮም ልባጥ ለምን ይዝጋል? ቫርኒሽስ ያድነዋልን?

እናቴ በሰርዶ በመንገድ ዳር ለሾፌሮች የሚሆን አነስተኛ ማረፊያ ቤት አላት። ከጂቡቲ የሚመጡትም ሆኑ ከአፍዴራ ሐይቅ ጨው ጭነው ወደ መሐል አገር የሚያልፉት በዚህ ሙቀት አስቀድመው የሚጠይቁት ምግብ ሳይሆን ሻወር ነው። ስለዚህ እናቴ ባለፈው ዓመት ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ ለሁለቱ መታጠቢያ ክፍሎች እንደ መስተዋት የሚያበሩ ሻወሮችና ቧንቧዎች አስገባች። ስምንት ወር ሳይሞላ ግን ከግድግዳው የሚወጣው የሻወር ክንድ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ፤ ሾፌሮቹም ውሀው የቈሸሸ እየመሰላቸው ማጕረምረም ጀመሩ። እናቴ «አይዝግም ተብዬ ነው የገዛሁት» እያለች ስትበሳጭ፣ እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ምክንያቱን ማስረዳት ባለመቻሌ አፈርሁ። ያን ጊዜ ያጣሁትን መልስ እነሆ ዛሬ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ አንባቢ እንዲረዳልኝ የምፈልገው የዛገው ክሮሙ አለመሆኑን ነው። ክሮም በ1797 (እ.ኤ.አ.) ቮክለን የተባለ የፈረንሳይ ኬሚስት ያገኘው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ አየር ሲነካው በላዩ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ይህም ሽፋን ራሱን ይጠብቀዋል። ነገር ግን የቧንቧ ዕቃ ሁለንተናው ክሮም አይደለም። ከውስጥ ነሐስ፣ ወይም ዚንክ የበዛበት ቅይጥ፣ ወይም ተራ ብረት ይኖራል፤ በዚህ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል ይለበጣል፤ ክሮሙ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። የክሮሙም ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ ነው። በዚህ ስስ ልባጥ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ስንጥቆችና ቀዳዳዎች አሉ። ከሥሩ ያለው ኒኬል ወፈር ያለ እንደ ሆነ ይመክታል፤ ፋብሪካው ኒኬል የቈጠበበት ዕቃ ከሆነ ግን ውሀ እስከ ብረቱ ይዘልቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ቢጫር እንኳ ዚንኩ ስለ ብረቱ ፈንታ ራሱ እየተበላ ስለሚቈይ ብረቱ ቶሎ አይዝግም። ኒኬል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ኒኬልና ብረት በአንድነት ውሀ ሲነካቸው የሚበላው ብረቱ ነው። ልባጡ ሰፊ፣ ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑም ጥፋቱ ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የተቦረቦረ ልባጥ ያለበት ብረት በቀዳዳው ላይ ምንም ካልተለበጠው ይልቅ በርትቶ ይበላል ማለት ነው።

ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጨዋማ ውሀ ኤሌክትሪክን ከንጹሕ ውሀ አብልጦ ያስተላልፋል፤ በውስጡ ያለው ክሎራይድም መከላከያውን ይሰብራል። የምንጠቀምበት ውሀ ጨው ጨው ይላል፤ ከአፍዴራ የሚመጡት ሾፌሮችም ጨው በአካላቸው ላይ ይዘው ይገባሉ። ከዚህም በላይ እናቴ ለንጽሕና ብላ ሻወሩን በየማለዳው በበረኪና ታጥበው ነበር። በረኪና የክሎሪን ውሑድ ነውና ባለማወቅ ዝገቱን ስናግዘው ከርመናል። ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ጠርሙሱን ወደ ወለል ማጠቢያው ዕቃ አዛወረችው።

አንድ ጎረቤታችን የሆነ አናጢ የእንጨት ቫርኒሽ እንድቀባው መከረኝ፤ እኔም ሳልመረምር ቀባሁት። ለሁለት ሳምንት አማረ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ፣ ከሥሩ ያለው ዝገት ሰፍቶ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ክንዱን ነቅዬ በብረት መጋዝ አራት ቦታ ቈረጥሁትና ፈተና ጀመርሁ። የተቈረጡትን ጫፎች በዘይት ቀለም ደፈንሁ፤ አለበለዚያ ዝገቱ ከዚያ ይጀምርና ፈተናው ይበላሻል። አንዱን እንዳለ ተውሁት። ሁለተኛውን ሳላጸዳ ቫርኒሽ ቀባሁት። ሦስተኛውን ካጸዳሁ በኋላ የመኪና ቀለም ቀቢዎች በቀለም ላይ የሚረጩትን መልክ የሌለው ቫርኒሽ ረጨሁበት። አራተኛውን አጽድቼ በመኪና ሰም አሸሁት፤ ሰሙንም በየሳምንቱ አደስሁ። ሁሉንም በየቀኑ የአፍዴራ ጨው በተበጠበጠበት ውሀ እየነከርሁ እስከ 30 ቀን ጠበቅሁ።

ያልተቀባው በአምስተኛው ቀን ነጠብጣብ አወጣ። የገረመኝ ሁለተኛው ነው፤ ውሀው በተላጠው ቫርኒሽ ሥር ገብቶ መድረቅ ስላልቻለ ዝገቱ ካልተቀባው ይልቅ ተስፋፋ። ሦስተኛው ሆን ብዬ በምስማር ከጫርሁት ቦታ በቀር እስከ መጨረሻው አበራ፤ ከጭረቱ ግራና ቀኝ ግን ዝገቱ በቫርኒሹ ሥር እየዳኸ ሄደ። ሰም የተቀባው ሦስት ትንንሽ ነጥቦች አወጣ፤ እነርሱንም ጠርጌ እንደገና ሰም ስቀባቸው ቆሙ።

ከዚህ የተረዳሁት ቫርኒሹ የሚረዳው ልባጡ ገና ጤነኛ ሳለ፣ ገጹም ፍጹም ንጹሕ ሲሆን ብቻ መሆኑን ነው። ክሮም እጅግ ለስላሳ ስለ ሆነ ቫርኒሽ አጥብቆ አይይዘውም፤ ቅባት ወይም የውሀ ጨው ካለበትማ ከቶ አይጣበቅም። ስለዚህ ነጩን የውሀ ደለል በኮምጣጤ አርሶ ወዲያው ማጠብ፣ የጀመረውን ዝገት ምግብ በሚጠቀለልበት የአሉሚኒየም ወረቀት በውሀ እያረጠቡ ማሸት (አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም፤ የሽቦ መፈግፈጊያ ግን ይጭረዋል)፣ በመጨረሻም ቅባቱን በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ ያስፈልጋል። የሚረጨው ቫርኒሽ ሽታው ከባድ፣ እሳትም የሚይዝ ነውና በደጅ ይረጭ። እጅ ዘወትር የሚነካው የቧንቧ መክፈቻ ላይ ግን ቫርኒሹ ቶሎ ስለሚፋቅ እኔ ሰሙን እመርጣለሁ፤ ሰም ቢያልቅ እንደገና ይቀባል፤ የተላጠ ቫርኒሽን ግን በቲነር ፍቆ ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

አዲሱን የሻወር ክንድ ለመግዛት ስንሄድ ማግኔት በኪሴ ይዤ ነበር። ባለሱቁ ሳቀብኝ፤ እኔ ግን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሞከርሁ። ማግኔቱን አጥብቆ የሚስበው ከውስጡ ብረት ነው፤ በነሐስ ላይ ያለው ስስ ኒኬል ግን እምብዛም አይስብም። ነሐሱ ዋጋው ከፍ ያለ ሆኖ እናቴ ለአንዱ ክፍል ብቻ ገዛች፤ በሌላው ክፍል አሁንም የብረቱ አለ።

ዛሬ ሁለቱም አምስተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ማታ የመጨረሻው ሾፌር ከታጠበ በኋላ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰም እቀባለሁ። የብረቱ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጥርስ ላይ ጨርቅ ስለማይደርስ ባለፈው ሳምንት አንዲት ቡናማ ነጥብ አየሁበት። ለእናቴ ነገርኋት፤ እርሷም ለሁለተኛው ነሐስ የምታጠራቅምበትን ቆርቆሮ አሳየችኝ።