የቀበሌ ማስታወቂያ ስለ ውሃ በተነገረ ጊዜ

ትምህርት ለእናቶችና ለቤተሰብ

በአዳማ ዙሪያ፣ በወንጂ፣ በመቂ፣ በባቱና በመተሐራ ገጠሮች የሚኖር ቤተሰብ ስለ ጤና የሚነገረውን ብዙውን ነገር የሚሰማው ከቀበሌው ነው፤ ቀበሌውም በኦሮምኛ ጋንዳ ይባላል። አንዳንዱ ማስታወቂያ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። አንዳንዱ በስብሰባ ይነገራል። አንዳንዱን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት እየዞረች ታደርሳለች። የቀረው ደግሞ በእድር፣ በገበያና በቡና ላይ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል።

ነገር ግን ወሬ በሄደ ቁጥር ያጥራል። በመጨረሻ እናት ጆሮ የሚደርሰው «ውሃው መጥፎ ነው ተባለ» የሚለው ብቻ ይሆናል። መጥፎነቱ ከምን እንደመጣ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥንቃቄ ድካም ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በእኛ በስምጥ ሸለቆ አገር ውሃን የሚያበላሹ ሁለት ዋና ነገሮች አሉ፤ የአንደኛው መድኃኒት ለሁለተኛው አይሆንም። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ይህን ትምህርት ልብ ብላችሁ አንብቡ፤ ማንበብ የማትችሉም ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ።

፩. አንደኛው ጠላት፤ ጀርም

ጀርም በዓይን የማይታይ በጣም ትንሽ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ወደ ውሃ የሚገባው ከሰውና ከከብት ዓይነ ምድር ነው። ዝናብ በሜዳ ላይ የተጣለውን እያጠበ ወደ ወንዝ፣ ወደ ኩሬና ክዳን ወደሌለው ጉድጓድ ይወስደዋል። አዋሽ በክረምት ሞልቶ በሚፈስበት ጊዜ ይህ ነገር ይብሳል። ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ የሚመጡት ከዚህ ነው።

ጀርምን የሚገድለው እሳት ወይም ክሎሪን ነው። ውሃውን አፍሉት፤ እየተንቀለቀለ መፍላት ከጀመረ በኋላ በአዳማ አካባቢ አንድ ደቂቃ፣ ከፍ ባለው ደጋ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። እንጨትና ከሰል የሚያጥራችሁ የሆነ እንደሆነ ውሃ አጋርን ወይም ሌላ የውሃ ማከሚያ ተጠቀሙ። ልኩን በዕቃው ላይ እንደተጻፈው አድርጉ፤ ከጨመራችሁበት በኋላም ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አትጠጡት።

፪. ሁለተኛው ጠላት፤ ፍሎራይድ

ፍሎራይድ ሕይወት የለውም። በመሬት ውስጥ ካለው ዓለት እየሟሟ ወደ ውሃ የሚገባ ማዕድን ነው። የስምጥ ሸለቆ መሬት ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ የሶደሬ ፍል ውሃ ምድሩ ከሥር እስከ ዛሬ ትኩስ መሆኑን ያሳያል። ከእንዲህ ያለው መሬት ጠልቆ የሚቀዳ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በአካባቢያችን በብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ተገኝቷል።

ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ሽታ የለውም፤ በማግሥቱም ሆድ አያምም። ስለዚህ ሰው አይጠረጥረውም። ጉዳቱ የሚታየው በዓመታት ነው። ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ የሚሠራ ሕፃን እንዲህ ያለውን ውሃ ሲጠጣ ካደገ ጥርሱ ቡናማና ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ለብዙ ዓመታት የጠጣው ትልቅ ሰው ደግሞ አጥንቱና መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ አንገቱን ማዞርና ጎንበስ ማለት ይቸግረዋል።

ይህ በአገራችን የታየ ነገር ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በእርሻው ሰፈሮች የጉድጓድ ውሃ ለረጅም ዓመታት ሲጠጡ ከኖሩት ሠራተኞች መካከል ጀርባቸው የጎበጠና እግራቸው የከዳቸው ነበሩ። ሐኪሞች መርምረው ምክንያቱ በውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑን አረጋገጡ። አንድ ጊዜ የደረቀ አጥንት ወደ ቀድሞው አይመለስም። መከላከል እንጂ መመለስ የለም።

አሁን ዋናውን ነገር አስተውሉ። ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም። ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ ፍሎራይዱ በድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ እንዲያውም ይወፍራል። ክሎሪንም አይነካውም። በነጠላ ማጥለልም አይወጣም። ውሃውን አፍልታ ለልጇ የሰጠች እናት ከጀርም አድናዋለች፤ ከፍሎራይድ ግን አላዳነችውም።

፫. መጠየቅ ያለበት ጥያቄ

ስለዚህ ስለ ውሃ ማስታወቂያ በሰማችሁ ጊዜ፣ ከጎረቤት ቢሆንም ከጡሩምባ ነፊ፣ ወደ ቀበሌው ወይም ወደ ጤና ኬላው ሄዳችሁ ይህን ጠይቁ፤ «ውሃው የተበላሸው በጀርም ነው ወይስ በፍሎራይድ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ማስታወቂያው በቁቤ የተጻፈ ከሆነና ማንበብ ከቸገራችሁ ተማሪ ልጅ ሙሉውን አንብቦ በምታውቁት ቋንቋ ይንገራችሁ።

ለምሳሌ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ፤

«በታችኛው ጎጥ ያለው የጉድጓድ ውሃ ተመርምሮ ፍሎራይዱ ከልክ በላይ ሆኖ ስለተገኘ፣ ነዋሪዎች ለመጠጥና ለምግብ ከቦኖው እንዲቀዱ እናሳስባለን።»

እናት ቤቷን እንዲህ ታደራጅ፦

ሀ. ከቦኖ የመጣው ውሃ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለቡና፣ ለሊጥና ለሕፃን ምግብ ይሁን። ወጥ የተሠራበትም ውሃ ከተጠጣው አይለይም፤ ፍሎራይዱ ከምግቡ ጋር ይበላልና።

ለ. የጉድጓዱ ውሃ ለልብስ፣ ለገላ፣ ለእጅና ለዕቃ መታጠቢያ ይሁን። ፍሎራይድ ቆዳን አልፎ አይጎዳም፤ ጉዳቱ ሲጠጣና ሲበላ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ አይናቅ።

ሐ. ሁለቱ ጀሪካኖች እንዳይቀላቀሉ በመጠጡ ጀሪካን እጀታ ላይ ጨርቅ እሰሩበት። ውሃ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ልጅ ነውና ምልክቱን ለልጆችም አስተምሩ።

መ. ቦኖው ሩቅ ከሆነና ውሃው ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ መጀመሪያ ለሕፃናትና ለልጆች ይሰጥ። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ጥቂት ነው፤ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ የሚወርደውን አጠራቅሙ፤ ነገር ግን ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል አክሙት።

ሠ. እስከ ስድስት ወር ድረስ ለሕፃን ጡት ብቻ ስጡ። ወደ እናት ጡት የሚያልፈው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጀርምም ከሚገኝበት ውሃ ሕፃኑ ይጠበቃል። ለሁለቱም ጠላት አንድ መድኃኒት ይህ ነው።

በአንዳንድ መንደር ፍሎራይድን የሚያስቀር ማጣሪያ አለ፤ ከተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል ይሠራል። ይህ ከሰል ሲሠራ ቆይቶ ይጠግባል፤ ከጠገበ በኋላ ውሃው ቢያልፍበትም ፍሎራይዱን አይዝም። ስለዚህ የውሃ ኮሚቴው «ማጣሪያው ሊለወጥ ነው፣ መዋጮ ክፈሉ» ሲል ክፍያውን አታዘግዩ።

፬. የኮሌራ ማስታወቂያ

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በኦሮሚያ በባሌ ዞን የጀመረው ኮሌራ ከዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተዛምቶ ነበር። ኮሌራ ሩቅ ነው ተብሎ አይተኛም። ማስታወቂያው «ኮሌራ ገብቷል» ካለ ከቦኖ የመጣውም ውሃ ቢሆን ሳይታከም አይጠጣ። ውሃውን ከጀሪካኑ አንቆርቁሩ እንጂ በጣሳ አትጥለቁ። እጃችሁን ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከመንካታችሁ በፊት በሳሙና፣ ሳሙና ባይኖር በአመድ ታጠቡ።

የሩዝ እጣቢ የመሰለ ተቅማጥ የያዘው ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰውነቱ ሊደርቅ ይችላል። ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አጠጡት። ፓኬቱ ባይገኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ልኩን ጠብቁ፤ ጨው ከበዛ ይጎዳል። የሚጠባ ልጅ ጡት አይከልከል።

፭. ሌሎች ማስታወቂያዎች ባጭሩ

የወባ ርጭት ሲነገር ምግቡንና የውሃ ዕቃውን አስቀድማችሁ ወደ ውጭ አውጡ። ከተረጨ በኋላ ግድግዳውን አትለስኑ፤ ልስኑ መድኃኒቱን ይሸፍነዋል። የውሃ በርሜልና ጋን ሁልጊዜ ይከደን፤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በተጠራቀመ የቤት ውሃ ውስጥ የሚራባ አዲስ የወባ ትንኝ ዓይነት ተገኝቷልና። የክትባት ዘመቻ ሲነገር ልጁ ቀድሞ የተከተበ ቢሆንም ከነካርዱ ይዛችሁት ቅረቡ፤ ይገባዋል ወይም አይገባውም የምትለው ሠራተኛዋ ናት።

፮. ከቤት ወደ ቀበሌ

ማስታወቂያ ከቀበሌ ወደ ቤት ብቻ አይደለም የሚሄደው። በአንድ ጎጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ሳምንት በተቅማጥ ቢወድቅ፣ የጉድጓዱ ክዳን ቢሰበር፣ ቦኖው ቢደርቅና ሰው ወደ ወንዝ መውረድ ቢጀምር፣ የልጆች ጥርስ መበለዝ ቢበዛ፣ ይህን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሠራተኞቹ በየቀበሌው የተመደቡት ለዚሁ ጭምር ነው። «ለመሆኑ የእኛ ጉድጓድ ውሃ ስለ ፍሎራይድ ተመርምሯል ወይ?» ብላችሁ በስብሰባ ላይ ጠይቁ። በዓይን የማይለይ ስለሆነ ከምርመራ በቀር ማወቂያ የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

ጥያቄዎች፤ በቤት ተጠያየቁ

1. በማፍላት የሚጠፋው የትኛው ነው? የማይጠፋውስ?
2. ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ለምን ሥራ ሊውል ይችላል?
3. ለስድስት ወር ጡት ብቻ መስጠት ሕፃኑን ከምን ከምን ይጠብቀዋል?
4. በአንድ ሊትር ውሃ ስንት ማንኪያ ስኳርና ጨው ይገባል?
5. የእናንተ ጎጥ ውሃ የተመረመረው መቼ ነው? ካላወቃችሁ ነገ ማንን ትጠይቃላችሁ?