ሐኪሙ ሲጠይቀን ምን እንመልሳለን?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ባለፈው ዓመት የማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር ሲል አንድ የዶርማችንን ልጅ ጥርሱን አመመው። ክሊኒክ ሄዶ ወረፋ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ሐኪሙ «ሌላ ሕመም አለብህ?» ብሎ ጠየቀው። «የለብኝም» አለ። ጨጓራውን ለዓመታት ሲያመው እንደኖረ ግን ሁላችንም እናውቃለን። «የጥርስ ሕመምን ከጨጓራ ምን አገናኘው?» ብሎ ነው፤ ከኋላው የሚጠብቀው ሰው ብዛትም አሳፍሮታል። ዳይክሎፌናክ ታዘዘለት። በሁለተኛው ቀን ሆዱን ሲያቃጥለው ለእኛ ነገረን። እኛም ሳናውቅ «ወተት ጠጣበት፣ ይተውሃል» አልነው። በሦስተኛው ሌሊት የቡና አተላ የሚመስል ነገር አስታወከውና በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባ። ጨጓራው ደምቶ ነበር። አልሐምዱሊላህ ተርፏል፤ ሁለት ፈተናዎች ግን አመለጡት።

ይህን የጻፍነው እሱን ለመውቀስ አይደለም፤ በፈቃዱ ነው። ወቀሳ ካለ እኛም አናመልጥም።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ጃቢር (ረ.ዐ) የሚነግሩን ታሪክ አለ። በጉዞ ላይ ሳሉ አንድ ሰው ድንጋይ መትቶት ራሱ ላይ ቆሰለ። ከዚያም ትጥበት ግዴታ ሆነበት። ተየሙም ይፈቀድለት እንደሆነ አብረውት ያሉትን ጠየቀ። ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ በብርቱ ገሠጿቸው። ካላወቁ ለምን እንዳልጠየቁ ተናገሩ፤ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ይህን ሐዲስ መድረሳ ሳለን በጦሃራ ምዕራፍ ቀርተነዋል፤ ያኔ ስለ ተየሙም ብቻ የሚናገር ይመስለን ነበር። ያን ሌሊት ግን ስለ እኛ ዶርም የሚናገር ሆኖ አገኘነው።

ሐኪም ቤት ከመሄዳችን በፊት

ሐኪም ፊት የምንቀመጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ማታውኑ በወረቀት ወይም በስልካችን እንጻፍ፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ? ምን ያባብሰዋል? አሁን የምንወስደው መድኃኒት የትኛው ነው? ከዚህ በፊት የትኛው መድኃኒት አሳክኮን ወይም አሳብጦን ያውቃል? ጨጓራ፣ አስም፣ ስኳር፣ የኩላሊት ችግር አለብን? የወሰድነውን የባህል መድኃኒትም አንደብቅ።

የጓደኛችን ነገር ምክንያቱን ያሳየናል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ሕመም የሚቀንሱት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር በማሳነስ ነው። ይኸው ንጥረ ነገር ደግሞ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃል። ሐኪሙ ጨጓራ እንዳለብን ካወቀ ሌላ ማስታገሻ ይመርጣል፣ ወይም ለጨጓራው መከላከያ ይጨምራል። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ሳንለካ ምንም አንጠግንም። ሐኪሙም በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን የምንነግረው እኛ ነን።

ሐኪሙ ፊት ስንቀርብ

ቢያንስ አራት ጥያቄዎች ይኑሩን። ሕመሜ ምንድን ነው? ይህ መድኃኒት ምን ይሠራልኛል? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ለስንት ቀንስ? ምን ምልክት ካየሁ ቶሎ ልመለስ? በመጨረሻም «ዶክተር፣ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልድገምልዎት» ብለን የሰማነውን እንድገም። ይህ ድፍረት አይደለም፤ የተሳሳተ ካለ እዚያው ይታረማል።

እህቶቻችን ሴት ባለሙያ እንድታያቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ ከሌለችም ጓደኛ ይዘው ይግቡ። ሐያእ ከኢማን ነው። ነገር ግን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ሕመምን ደብቆ መቆየት ሐያእ አይባልም።

መድኃኒቱን ይዘን ስንመለስ

በየሎከሩ የተረፈ አሞክሳሲሊን አለ። አንዱ ጉንፋን ሲይዘው ሌላው ከራሱ ያካፍለዋል። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ፔኒሲሊን የማይስማማውን ሰው ግን ሕይወቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ታዞልን የጀመርነውንም ስለተሻለን ብቻ አናቋርጥ፤ ካልተስማማን ተመልሰን እንጠይቅ። የቡና አተላ የሚመስል ትውከት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ረመዷን ሲመጣ

በቀን ሦስት ጊዜ የሚባል መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በየስምንት ሰዓቱ ማለት ነው። ከኢፍጧር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ውስጥ በገዛ እጃችን አጨናንቀን እንወስደዋለን፣ ወይም እስከ ዒድ እንተወዋለን። ሁለቱም ስህተት ነው። ሐኪሙን «እጾማለሁ፤ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ አለ?» እንበለው። ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይገኛል። ጾሙ ይጎዳሃል ካለን ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። የመድኃኒቱን ነገር ሐኪሙን፣ የቀዷውን ነገር ኡስታዙን እንጠይቅ።

«የሚያሽረው አላህ ነው፣ ይህ ሁሉ ጥያቄ ለምን?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አዎ፣ ሺፋእ ከአላህ ብቻ ነው። ነገር ግን መታከምን ያዘዙን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው፤ ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰውም አስረህ ተመካ ብለውታል። ሰውነታችን አማና ነው። ስለ እሱ እውነቱን መናገርና ያልገባንን መጠየቅ ከሰበቡ የእኛ ድርሻ ነው።

ያ ወንድማችን ዛሬ ክሊኒክ ሲሄድ ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት ያወጣል። የመጀመሪያው መስመር «ጨጓራ አለብኝ» ይላል። እኛም በዶርማችን አንድ ደንብ አወጣን፦ የታመመ ሰው ሲያማክረን መጀመሪያ የምንለው «ሐኪሙን ጠይቀኸዋል?» ነው። ካልጠየቀ ጫማችንን አድርገን አብረነው እንሄዳለን።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ጤነኞቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።