መንትያ ኮምፒውተሮች የሚያመጡት ጣጣ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴም የኮምቦልቻም ግቢ ተዘርፏል። በሁለቱ ከተሞች ኮምፒውተሩን ያጣ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። ምትክ ማሽን በጅምላ ሲገባ ባለሙያው አንዱን አዘጋጅቶ ሌሎቹን በክሎንዚላ ወይም በጎስት ቢያባዛ የሚፈርድበት የለም፤ መብራት እየሄደ እየመጣ አርባ ማሽን ላይ ዊንዶውስ አንድ በአንድ መጫን ትርፉ ድካም ነው። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ፣ አንድ ሶፍትዌር ከሰርቨር ለሁሉም ይሰራጭ ሲባል ነው።

አርባው ኮምፒውተር እየሠራ የዊንዶውስ አፕዴት በሚያሰራጨው ሰርቨር፣ በደብሊውሰስ ዝርዝር ላይ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይታያል። ገጹን ሪፍሬሽ ስታደርጉ «ላብ-07» የነበረው መስመር «ላብ-19» ይሆናል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ላብ-31»። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ኬብልና ስዊች ይፈትሻል፣ ፋየርዎል ያጠፋል፣ አልሆን ሲለው ሶፍትዌሩን አራግፎ እንደገና ይጭናል። ኔትወርኩ ግን ምንም አልሆነም። ሰርቨሩ ማሽኑን የሚለየው በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ከኢሜጁ ጋር አብሮ ተገልብጧል። የኬኤምኤስ አክቲቬሽንም እንዲሁ ነው፦ ዊንዶውስ ለማንቃት 25 የተለያዩ ማሽኖች ይፈልጋል፣ አርባው መንትያ ግን እንደ አንድ ይቆጠራል።

ለደብሊውሰሱ የዊንዶውስ አፕዴት ሰርቪስን አቁሙ፣ ሬጅስትሪ ውስጥ «ሰስ ክላየንት አይዲ» እና «ሰስ ክላየንት አይዲ ቫሊዴሽን» የሚባሉትን ሰርዙ፣ ሰርቪሱን አስነሡና አፕዴት አስፈልጉ። ላቡ ዲፕ ፍሪዝ ካለው ግን መጀመሪያ አቅልጡት፤ አለዚያ ሪስታርት ሲደረግ የድሮው ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው «አስተካክዬው ነበር እኮ» የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላው ከኢሜጁ ጋር አብሮ የሚገለበጥ የማሽን መለያ ሲድ ነው። ስለ እሱ የቆዩ ባለሙያዎች «መደጋገሙ ችግር የለውም» ይላሉ። ከራሳቸው አላመጡትም፤ ማርክ ሩሲኖቪች ኒውሲድ የሚባለውን የሲድ መቀየሪያ በ2009 እ.ኤ.አ. ያቋረጠው ይህንኑ አስረድቶ ነው። አሁን ግን ይሄን ይዞ መሥራት ያስቸግራል። ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡ አፕዴቶች በዊንዶውስ 11 24ኤች2 እና 25ኤች2፣ በሰርቨር 2025ም ላይ ሲድን ይመረምራሉ። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሼርድ ፎልደሩ ወይም ሪሞት ዴስክቶፑ እምቢ ካለ፣ ኢቨንት ቪወር ውስጥ የሲስተም ሎግ ላይ ኢቨንት 6167ን ፈልጉ። ካገኛችሁት ሬጅስትሪ መነካካት አይበጅም፤ ማሽኑ በትክክለኛ ኢሜጅ እንደ አዲስ ይጫን።

ትክክለኛው ኢሜጅ ዶሜይን ካልገባ ማሽን የሚነሣ ነው። ፕሮግራሞቹን ከጫናችሁ በኋላ ሲስፕሬፕን ከፍታችሁ «ጀነራላይዝ» ላይ ምልክት አድርጉ፣ ማሽኑም ሲጨርስ ይጥፋ። መልሳችሁ ሳታስነሡት ኮፒ ውሰዱ። ሲስፕሬፕ አንዳንዴ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ በተጫነ የስቶር አፕ ምክንያት እምቢ ይላል፤ «ፓንተር» ፎልደር ውስጥ ያለው ሎግ የአፑን ስም ስለሚናገር ያንን አራግፉት። አንቲቫይረሱን ኢሜጁ ውስጥ አትክተቱ፣ በኋላ ይጫን። ከዚያ ኢሜጁን ሁለት ማሽን ላይ ብቻ ጭናችሁ፣ ሁለቱም ሰርቨሩ ላይ በየራሳቸው መስመር ሲታዩ ወደ ቀሩት እለፉ።