ከፍታ፣ ሙቀትና የማቀጣጠል መሳት፦ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚጠገኑ የቆዩ መኪኖች የሞተር ብልሽት ምርመራ

አጠቃሎ

በቆየ የቤንዚን ሞተር ላይ የማቀጣጠል መሳትና የሞተር መፍላት ሲታዩ ሁለቱ ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ይቆጠራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ በአንድ ቅደም ተከተል መመርመር እንዳለባቸው ማመልከት ነው። በተጨማሪም የአምራቾች መመሪያ ቁጥሮች በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ሳይስተካከሉ ሲሠራባቸው ደህናውን ሞተር የተጎዳ ሊያስመስሉት እንደሚችሉ በስሌት ያሳያል።

መግቢያ

ከሳሪስ እስከ ጎፋ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ በሚዘረጋው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የቆዩ መኪኖችን መጠገን የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በተለምዶ “ዲኤክስ” የሚባለው የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ኮሮላና ለረጅም ዘመን በታክሲነት ያገለገለው ላዳ ዛሬም ከመንገድ አልጠፉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ የቆየውን መኪና መተካት ከባድ፣ በአግባቡ መጠገን ደግሞ አስፈላጊ ሆኗል።

በዚህ ሁኔታ የተሳሳተ ምርመራ የሚያስከትለው ኪሳራ ቀላል አይደለም። ባለ ታክሲው ቴስታታው ያለ በቂ ምክንያት ወርዶ ጓርኒሲዮን ሲቀየር የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ይከፍላል፤ መኪናው በቆመበት ቀን ሁሉም ገቢውን ያጣል። ጉዳቱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ በካንዴላ ለውጥ ብቻ ከታለፈም ሞተሩ ከጥገና ውጭ እስኪሆን ይነዳል።

የከፍታው ስሌት

ክፍለ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ በ2,200 ሜትር ገደማ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ወደ 77.5 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ በባሕር ጠለል 101.3 ኪሎ ፓስካል ነው። ከዚህ ልዩነት ለመካኒኩ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛው የውሃ መፍያ ነጥብ ነው። ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይፈላል። የ0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ደህና የራዲያተር ክዳን ሲገጠም ግን የመፍያው ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል፤ በባሕር ጠለል በተመሳሳይ ክዳን 119 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ክዳኑ እስከሠራ ድረስ ከፍታው የሚወስደው 4 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲደክም ግን 22 ዲግሪ ያህል መጠባበቂያ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በ82 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር ተርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው ተርሞስታቱ ተከፍቶ ሳያበቃ ሊፈላ ይችላል። ራዲያተሩ፣ ፓምፑና ጓርኒሲዮኑ ደህና ቢሆኑም ሞተሩ ይፈላል ማለት ነው።

ሁለተኛው የነዳጅና የአየር ድብልቅ ነው። የአየሩ ጥግግት በሩብ ያህል ሲቀንስ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር የሚሰጠው ድብልቅ በ14 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ውጤቱም የካንዴላ ጥላሸት፣ የነዳጅ ብክነትና የማቀጣጠል መሳት ነው።

ሦስተኛው የኮምፕሬሽን ንባብ ነው። መመሪያው 12 ባር ኮምፕሬሽን ይጠብቃል እንበል። የጌጁ 12 ባር በፍጹም ግፊት ሲሰላ 13 ባር ገደማ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ግፊት ሲቀንስ ይህ ቁጥር በዚያው መጠን ወደ 10 ባር ዝቅ ይላል፤ ጌጁም 9.2 ባር ገደማ ያሳያል። መካኒኩ ይህን ከመጽሐፉ ጋር በቀጥታ ቢያነጻጽር ፋሻው ወይም ቫልቩ አልቋል ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው።

የሁለቱ ብልሽቶች ዝምድና

መሳትና መፍላት በሦስት መንገዶች እርስ በርስ ይያያዛሉ። የመጀመሪያው መንገድ ጓርኒሲዮኑ ነው። በተቃጠለ ጓርኒሲዮን በኩል የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው ገብቶ ውሃውን ከራዲያተር ይገፋል፤ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ሰርጎ ጠዋት ሲነሳ መሳትን ያመጣል። በዲኤክሱ 4ኬ ሞተር ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው የብረቱን ሁለት እጥፍ ያህል በመሆኑ አንድ ጊዜ በኃይል የፈላ ሞተር ጓርኒሲዮኑን የመጉዳት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የማቀጣጠያው ጊዜ ነው። ብልጭታው ሲዘገይ ቃጠሎው ፒስቶኑ እየወረደ ሳለ ይቀጥላል፤ ኃይል መሆን የነበረበት ሙቀት ወደ ጭስ ማውጫ ቫልቭና ወደ ውሃው ይሄዳል። ሞተሩ ይደክማል፣ ይሞቃልም።

ሦስተኛው መንገድ ራሱ ጥገናው ነው። መፍላትን ለማስቀረት ተርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ መፍትሔ ነው። በዚህ ምክንያት ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን ሳያገኝ ይቆያል፤ ቤንዚኑ በሚገባ አይተንም፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ለመፍላት የተሰጠው መድኃኒት መሳትን ይወልዳል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው ዕቃ ከማይፈታበት ወደሚፈታበት፣ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ አለበት።

1. ጥያቄ። ብልሽቱ የሚታየው መቼ እንደሆነ ከአሽከርካሪው ይጠየቃል። በመኪና ሰልፍ ቆሞ ብቻ የሚፈላ ሞተር ቬንቲላተሩንና ቺንጋውን ያስጠረጥራል። ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ ሲወጣ ወይም በፍጥነት ሲነዳ የሚፈላ ደግሞ የተደፈነ ራዲያተርን ያመለክታል። መሳቱ በጭነት ጊዜ የሚብስ ከሆነ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ በሚኒሞ የሚብስ ከሆነ ካርቡራቶሩና የአየር ማስገቢያው ቀድመው ይታያሉ።

2. ክዳኑና ግፊቱ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ በግፊት መሞከሪያ ይፈተሻል፤ ከዚያም መስመሩ በክዳኑ መጠን ተነፍቶ ለ10 ደቂቃ ያህል መውረድ አለመውረዱ ይታያል። የጋለ ሞተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም። ከ100 ዲግሪ በላይ ያለ ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሰው ያቃጥላል።

3. ካንዴላዎቹ። በየሲሊንደራቸው ተራ ተደርድረው ይነበባሉ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ወፍራም ድብልቅን፣ በቤንዚን መራስ የብልጭታ እጥረትን፣ ዘይት የፋሻ ወይም የቫልቭ መመሪያ መበላትን፣ ነጭና የተቃጠለ መልክ ቀጭን ድብልቅን ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀትን ያሳያሉ። ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የጸዳ የሚመስል ካንዴላ ውሃ ወደዚያ ሲሊንደር እንደሚገባ ያስጠረጥራል።

4. ማቀያየር። የሚስተው ሲሊንደር ካንዴላና ገመድ ከደህናው ሲሊንደር ጋር ይቀያየራሉ። ብልሽቱ ዕቃውን ተከትሎ ከሄደ ዕቃው፣ በቦታው ከቀረ ሲሊንደሩ ይመረመራል። ይህ ሙከራ ዋጋ የለውም፤ ብዙ አላስፈላጊ ግዢ ግን ያስቀራል። በዚሁ አጋጣሚ የገመዶቹ ተራ ይረጋገጣል። የላዳው የማቀጣጠል ተራ 1-3-4-2 ሲሆን የ4ኬ ሞተር 1-2-4-3 ነው። በላዳ የለመደ እጅ ዲኤክሱን በልማድ ካሰረ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲሊንደር ይለዋወጣሉ።

5. ኮምፕሬሽን። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የካርቡራቶሩ ጉሮሮ ሙሉ ተከፍቶና የማቀጣጠያው መስመር ተቋርጦ ይለካል። ዋናው ነገር ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም በ9 ባር አካባቢ ከተቀራረቡ በዚህ ከፍታ ሥጋት የለም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። አንዱ ብቻ ከወረደ ጥቂት ዘይት ይጨመርበታል፤ ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው።

6. የቃጠሎ ጋዝ። በራዲያተሩ አፍ ላይ በሚቀመጥ ሰማያዊ መሞከሪያ ፈሳሽ ይጣራል፤ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የቃጠሎ ጋዝ ውሃው ውስጥ አለ። ቴስታታ የሚወርደው ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ሙከራ ማስረጃ ሲገኝ ነው።

ከምርመራ ወደ ጥገና

ቴስታታው ከወረደ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መመለስ ሥራውን አያጠናቅቅም። የቴስታታው ፊት በቀጥታ ማስመሪያና በስፔሶሜትር ይለካል፤ በብዙ የቶዮታ መመሪያዎች የሚፈቀደው መጉበጥ እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ ካለፈ በማሽን ሳይላጭ የተገጠመ አዲስ ጓርኒሲዮን ተመልሶ ይቃጠላል። መፍላቱን ያመጣው የመጀመሪያው ምክንያት፣ ማለትም ክዳኑ፣ ራዲያተሩ ወይም የማቀጣጠያው ጊዜ፣ አብሮ መታረም ይኖርበታል።

የካርቡራቶሩ ድብልቅ ለከፍታው መቅጠን አለበት። የሳሳ አየር ያለው ድብልቅ በዝግታ ስለሚቃጠልና ሞተሩ የመንኳኳት ዝንባሌው ስለሚቀንስ፣ ብልጭታው በጥቂት ዲግሪ ቢቀድም ይጠቅማል። ተርሞስታቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከተራ ውሃ ይልቅ ኩላንት መጠቀም የመፍያውን ነጥብ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፤ ራዲያተርን የሚደፍነውን ዝገትም ይከላከላል።

ማጠቃለያ

የመመሪያ መጽሐፍ ቁጥር የተለካበትን የአየር ግፊት ይዞ ይመጣል። በ2,200 ሜትር ከፍታ 9.2 ባር የጤና ምልክት ሲሆን፣ የደከመ የራዲያተር ክዳን ግን ከባድ ብልሽት ነው። ስለዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋራዦች ክዳኑ አስቀድሞ መፈተሽ፣ ኮምፕሬሽኑ ሲሊንደር ከሲሊንደር መነጻጸር፣ ቴስታታውም በማስረጃ ብቻ መውረድ ይኖርበታል። ይህ ስሌት ለአውቶሞቲቭ ሠልጣኞች የተግባር ትምህርት ቢጨመር፣ የአካባቢውን ከፍታ ያገናዘበ የመለኪያ ሠንጠረዥ ለማዘጋጀት መነሻ ሊሆን ይችላል። የጋራዦችን ትክክለኛ ንባብ ሰብስቦ ስሌቱን መፈተን ለቀጣይ ጥናት የሚተው ሥራ ነው።