መጤ ተክል በደሴት ላይ፤ የሴንት ሄሌና ቃጫ ታሪክ

ገበያ ያጣ ዕቃ ከመጋዘን ወጥቶ ይጣላል፤ ገበያ ያጣ ተክል ግን በሥሩ ይቆያል፤ በዘሩም ይራባል። ለዚህ ነገር የሴንት ሄሌና ደሴት ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

ሴንት ሄሌና በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ፣ ስፋቷ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ናፖሊዮን ቦናፓርት በግዞት የሞተባት ደሴት ናት። ፖርቱጋሎች በ1502 ዓ.ም. ሲደርሱባት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ሰው አልነበረባትም። ከየብስ እጅግ የራቀች በመሆኗም በሌላ አገር የማይገኙ ዛፎች በቅለውባት ነበር። እነዚህ ዕፀዋት እንስሳ ሳይግጣቸው፣ ከኃይለኛ ባላንጣ ጋር መሬት ሳይሻሙ የኖሩ ስለ ነበሩ፣ በመርከብ የመጣውን ፍየልም ሆነ ባዕድ ተክል የሚቋቋሙበት ጉልበት አልነበራቸውም።

ቃጫውን ያመጣው የንግድ ችግር ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ዓ.ም. ሲከፈት ወደ እስያ የሚመላለሱት መርከቦች መንገዳቸውን ለወጡ፤ ለመርከብ ስንቅና ውሃ በማቅረብ ትኖር የነበረችውም ደሴት ገቢዋ ቀነሰ። ስለዚህ የኒው ዚላንድን የቃጫ ተክል ማልማት ታሰበ። በ1874 ዓ.ም. የተጀመረው ሥራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢቋረጥም፣ በ1907 ዓ.ም. መንግሥት እንደገና አቋቋመው። ከዚያ ወዲህ ቃጫው ገመድና ሲባጎ እየሆነ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆነ። ዋነኛው ደንበኛ የብሪታንያ ፖስታ ቤት በሰው ሠራሽ ሲባጎ መጠቀም ሲጀምር ግን ገበያው ወደቀ፤ በ1966 ዓ.ም. ሥራው ቆመ።

ተክሉ ግን አልቆመም። ቀላሉን ዘር ነፋስ ወደ ተራራው ይወስደዋል፤ ረጅሙ ቅጠል ጥቅጥቅ ብሎ ሲያድግ ከሥሩ ያለው የአገር ችግኝ ብርሃን ያጣል። ጉዳቱ የከፋው ከፍተኛው ተራራ ባለበት በዲያና ጫፍ አካባቢ ነው፤ በዚያ ያሉት ነባር ዛፎች ጉሙን በቅጠላቸው እየያዙ ለደሴቲቱ ውሃ የሚያስገኙ ናቸውና። ዛሬ ሠራተኞች ቃጫውን እየመነጠሩ ነባሩን ችግኝ መልሰው ይተክላሉ።

እንግዲህ አዲስ ተክል ወደ አገር የሚያስገባ ሰው የዘሩን ዋጋ፣ የማጓጓዣውን ኪራይና የሚጠበቀውን ምርት ማስላቱ ብቻ አይበቃውም። ገበያው በጠፋ ዕለት ተክሉን ከመሬት ለማውጣት የሚያስፈልገውን ወጪ፣ ከፋዩም ማን እንደሚሆን አስቀድሞ በመዝገቡ ማስፈር ይገባዋል።